የአልጋ ቁራኛ

"ቁራኛ" የሚለው ቃል የመጣው ከፍርድ አደባባይ ነው። በድሮው ጊዜ ባለዕዳና አበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ የነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ነገሩ ከበድ ሲልም እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነሣል፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይተኛል። ከዚያ ሥርዓት ዛሬ በአፋችን የቀረው ቃሉ ብቻ ነው፤ እርሱንም አብዝተን የምንጠቀምበት ለታመመ ሰው ነው። "የአልጋ ቁራኛ ሆነ" እንላለን። ከሰውየውና ከአልጋው ማን ከሳሽ፣ ማን ተከሳሽ እንደሆነ፣ ዕዳውስ የማን እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም።

እኔም የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። በ1986 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ እንደ እናት ሆና ያሳደገችኝ አክስቴ ከማድ ቤት ወደ ሳሎን ስትገባ ደፉ አደናቀፋትና በግራ ጎኗ ወደቀች። ዕድሜዋ 73 ነበር። ከገደል አልወደቀችም፤ ከበቅሎ አልወደቀችም፤ የወደቀችው ከገዛ ቁመቷ ነው። በእጇ የነበረው ጀበና እንኳ አልተሰበረም። እርሷ ግን መነሣት አቃታት። ደርሰን ስናያት ግራ እግሯ ከቀኙ አጥሮ፣ ጣቶቿ ወደ ውጭ ዞረዋል።

ወጌሻ ተጠራ። ወጌሻን ሁሉ አጥፊ አድርጎ ማውራት የተለመደ ነው፤ የእኛው ግን አዋቂ ሰው ነበሩ። ዳሌዋን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው፣ የሁለት እግሮቿን ቁመት አስተያይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። "ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ውሰዷት" አሉን። ወሰድናት። ራጅ ተነሣች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ የጭን አጥንቷ አንገት መሰበሩን አሳየንና ሁለት መንገድ አስቀመጠልን። አንደኛው ቀዶ ጥገና ነው፤ የሚገባው ብረት ከውጭ መገዛት አለበት፣ ደም የሚሰጥ ዘመድ መገኘት አለበት፣ ወረፋም አለ። ሁለተኛው እግሯ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ አጥንቱ እስኪያያዝ መተኛት ነው። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። የተማርኩት ልጅ እኔ ነኝና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። "በዚህ ዕድሜዋ ቢላዋ አይንካት፤ ትተኛና ትረፍ" ያልኩት እኔ ነኝ።

ተኛች። በሁለተኛው ሳምንት ከወገቧ በታች ቆዳዋ ቀላ፤ በሦስተኛው ቆሰለ። ሌሊት ሌሊት የሞቱ እህቶቿን በስማቸው እየጠራች ታወራ ጀመር፤ እኛም "ጃጀች" አልን። ጠዋት ጠዋት ልቧ መለስ ሲልላት "አንሡኝ፣ እስቲ ፀሐይ ላይ አስቀምጡኝ" ትለን ነበር፤ እኛም አጥንቱ ይናጋል ብለን ፈርተን "ቆይ እትዬ፣ ትንሽ ቀን ነው የቀረሽ" እንላታለን። ምግብ ዘጋች። በስድስተኛው ሳምንት ሳል ጀመራት፣ አተኮሳት፤ በ47ኛው ቀን አረፈች። ለቅሶ ለደረሰ ሁሉ "ዳሌዋ ተሰብሮ" ብለን መለስን። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ስል ኖርኩ።

ስሕተት ነበር። አክስቴን የገደላት ዳሌዋ አይደለም፤ አልጋው ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ያወቅሁት ከሥራዬ ውጭ የሕክምናን ታሪክ ሳገላብጥ ነው። ያገኘሁትም ታሪክ ከአዲስ አበባ ይልቅ በአመዛኙ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ነው። ምክንያቱም ዳሌው የተሰበረን አረጋዊ ከአልጋ የማላቀቁ ትግል ደረጃ በደረጃ የተጻፈውና የተቆጠረው አብልጦ እዚያ ስለሆነ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ አጥንቱ ጥቂት ልበል። የጭን አጥንት ላይኛው ጫፍ ቀጥ ብሎ ዳሌ ውስጥ አይገባም። ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ አንገት ያበጅና በአንገቱ ጫፍ ላይ ኳስ የመሰለ ራስ ይሸከማል፤ ራሱም በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል። ለዚህ ራስ ደም የሚያደርሱት ሥሮች አብዛኞቹ አንገቱን ተከትለው የሚወጡ ናቸው። አንገቱ ሲሰበር ሥሮቹም አብረው ይበጠሱና ራሱ ደም ያጣል። ስለዚህ ይህ ስብራት እንደ ክንድ ወይም እንደ ቅልጥም ታስሮ ስለቆየ ብቻ አይገጥምም። ሰው ሲያረጅ፣ ይልቁንም ሴት የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ፣ አጥንት ውስጥ ውስጡን እየሳሳ ይሄዳልና አንገቱን ለመስበር ትልቅ ኃይል አያስፈልግም፤ ደፍ ይበቃል። በእንግሊዝ ሐኪሞች ዘንድ አንድ የቆየ ቀልድ አለ፦ ሰው ወደዚህ ዓለም በዳሌ በኩል ይገባል፣ በጭን አጥንት አንገት በኩል ይወጣል ይባላል። ቀልዱ መራራ ቢሆንም ለመቶ ዓመታት እውነት ነበር።

ስለዚህ ስብራት ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፈረንሳዊ አምብሯዝ ፓሬ ነው። ነገሩን በቅጡ የለየው ግን በለንደን በጋይ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ሰር አስትሊ ኩፐር ነው። ኩፐር በ1822 ስለ መገጣጠሚያዎች ውልቃትና ስብራት ባሳተመው መጽሐፍ፣ መገጣጠሚያውን በሚሸፍነው ከረጢት ውስጥ የሚደርሰውን ስብራት ከከረጢቱ ውጭ ከሚደርሰው ለየ፤ የውስጠኛው የማይገጥመው ራሱ ደም ስለሚያጣ መሆኑንም አስረዳ። የለንደን አረጋውያን ከእግረኛ መንገድ ወደ ጋሪ መንገድ ሲወርዱ ጥቂት ኢንች ከማይሞላ ከፍታ እየተንሸራተቱ እንደሚሰበሩ ጽፏል። ይህን ሳነብ የአክስቴ ቤት ደፍ ፊቴ ላይ መጣብኝ።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ያዘዘው ሕክምና ነው። ኩፐር እንደ ዘመኑ ልማድ እግሩን በእንጨት አስሮ አጥንቱን ለማያያዝ የሚደረገውን ሙከራ ያውቀዋል። ያየው ግን አጥንቱ ሳይገጥም ሰውየው አልጋ ላይ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ለአረጋውያኑ እንዲህ አለ፦ እግሩ ሥር ትራስ ይደረግ፤ ሕመሙ ጋብ እስኪል አሥር፣ አሥራ አምስት ቀን ያህል ይተኛ፤ ከዚያ በየቀኑ ተነሥቶ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ጥቂት ሰንብቶም በክራንች መሄድ ይጀምር። ሰውየው ያነክሳል፤ ግን በሕይወት ይኖራል። ልብ በሉ፤ ይህ ማደንዘዣ ሳይኖር፣ ራጅ ሳይኖር፣ ሚስማር ሳይኖር የተባለ ነው። እኛ በ1986 ዓ.ም. ራጅ አንሥተን፣ ፊልሙን አይተን የወሰንነው ውሳኔ 170 ዓመት ቀድሞ ከተጻፈው የከፋ ነበር።

የኩፐር ምክር ግን ብዙም አልጸናም። የቀዶ ሐኪም ክብሩ የገጠመ አጥንት ነው፤ ሳይገጥም የቀረ አጥንት ይዞ በክራንች የሚንፏቀቅ አሮጊት ለማንም ማዕረግ አይሆንም። በመላው 19ኛው መቶ ዓመት የሚደነቀው ዕረፍት ነበር፤ በሊቨርፑል የነበረው ሂው ኦወን ቶማስ ረጅም፣ የማይቋረጥና የግድ የሆነ ዕረፍት የአጥንት ሁሉ መድኃኒት ነው ብሎ አስተማረ። እርሱ ይህን በብዛት ያለው የመገጣጠሚያ ነቀርሳ ላለባቸው ወጣቶች ነበር፤ ትምህርቱ ግን ለሰማንያ ዓመት አሮጊትም ደረሰ። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ አሜሪካዊው ሮያል ዊትማን ዳሌውን ዘርግቶ ከደረት ጀምሮ እስከ እግር ድረስ በጄሶ መጠቅለልን አስፋፋ። አጥንቱ አንዳንዴ ገጠመ። በጄሶው ውስጥ ለወራት የተጋደመው ገላ ምን እንደሆነ ግን መገመት አያዳግትም።

ሚስማሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጀርመኖቹ በ19ኛው መቶ ዓመት ሞክረውት ነበር፤ ፀረ ጀርም ባልነበረበት ዘመን ግን ሙከራው ፍሬ አላፈራም። በ1925 ኖርዌይ ተወልዶ በቦስተን ይሠራ የነበረው ማሪየስ ስሚዝ ፒተርሰን ሦስት ክንፍ ያለው የብረት ሚስማር በአንገቱ ውስጥ አስገብቶ ራሱን ከጭኑ ጋር ቸነከረ፤ ውጤቱንም በ1931 አሳተመ። በማግስቱ ዓመት የጎተንበርጉ ስዊድናዊ ስቬን ዮሐንሰን ሚስማሩን ክፍት ሆድ አድርጎ፣ በራጅ እየታየ በቀጭን ሽቦ ላይ እየተንሸራተተ እንዲገባ አደረገውና መገጣጠሚያውን ሰፊ አድርጎ መክፈት ቀረ። በ1950 ገደማ ደግሞ ደም ያጣውን ራስ ከነጭራሹ አውጥቶ በብረት ኳስ መተካት ተለመደ።

ብዙ መጻሕፍት እዚህ ላይ "ድል ሆነ" ብለው ምዕራፉን ይዘጋሉ። እኔ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ይመስለኛል። ሚስማሩ አጥንቱን ያዘ፤ ሰውየውን ግን ማን ያዘው? አጥንቱ የተቸነከረለት አረጋዊ ተመልሶ እዚያው አልጋ ላይ ለሳምንታት ይተኛ ነበር። ብዙዎቹም ዕድሜያቸው ገፍቷል እየተባለ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ጭራሽ አይደርሱም። እንደ እኔ ያለ "ቢላዋ አይንካት" የሚል ዘመድም እንግሊዝ አገር ሳይኖር አልቀረም።

አልጋውን ፊት ለፊት የገጠመችው ማርጆሪ ዋረን የምትባል ሐኪም ናት። ዋረን በምዕራብ ለንደን በዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል ትሠራ ነበር። በ1935 ሆስፒታሉ አጠገቡ ያለውን የድሆች ማደሪያ ሲረከብ 714 ሰዎች እርሷ እጅ ወደቁ። ሽባ የሆነው፣ አእምሮው የሳተው፣ ዳሌው ተሰብሮ የቀረው፣ መሄጃ ያጣው ሁሉ ባንድነት ተደባልቆ ተኝቷል። ብዙዎቹ ለዓመታት ሐኪም ቀርቦ አላያቸውም፤ "የማይድን" ተብለው ተመዝግበዋልና። ዋረን ያደረገችው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። አንድ በአንድ መረመረቻቸው። በሽታቸውን ለየች። ጨለማ የነበሩትን ክፍሎች ቀለም አስቀባች፣ የእጅ መደገፊያ አስገባች፣ ወንበር አስመጣች፤ መነሣት የሚችለውን ሁሉ ከአልጋ አስነሣች። የማይድኑ የተባሉ ሰዎች በእግራቸው ሄደው ከዚያ ቤት ወጡ። በ1943ና በ1946 በጻፈቻቸው ጽሑፎች የአረጋውያን ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ይሁን፣ አጠቃላይ ሆስፒታልም በሩን ይክፈትላቸው ብላ ተከራከረች። ባልደረቦቿ ፈጥነው አላጨበጨቡላትም፤ ሽማግሌ ማከም በዚያ ዘመን ማዕረግ የሚያስገኝ ሥራ አልነበረም። በየትኛውስ ዘመን ነበር?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በኤሴክስ ክፍለ አገር፣ ኦርሴት በሚባል ቦታ ሊዮኔል ኮሲን የተባለ ቀዶ ሐኪም ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው አረጋውያን የተኙበት ብዙ አልጋ ተሰጠው። ሌላው ሰው እንደ ቅጣት ይቆጥረው ነበር። ኮሲን ግን ዳሌያቸው የተሰበረውን አረጋውያን ኦፕራሲዮን እያደረገ ቶሎ ቶሎ ያስነሣቸው ጀመር፤ ወደ ቤታቸውም ተመለሱ። ከዚህ ተነሥቶ ቀዶ ሐኪሙ የቀረው ዕድሜውን ለአረጋውያን ሕክምና ሰጠ። በ1947 ሪቻርድ አሸር የተባለ የለንደን ሐኪም "ወደ አልጋ መሄድ የሚያስከትለው አደጋ" የሚል ርእስ ያለው አጭር ጽሑፍ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አወጣ። መተኛት በሳንባ፣ በደም ሥር፣ በቆዳ፣ በጡንቻ፣ በአጥንት፣ በኩላሊትና በመንፈስ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እየዘረዘረ በሽሙጥ የጻፈው ነው። ያንን ጽሑፍ ሳነብ የአክስቴን 47 ቀናት በየተራ ቆጠርኳቸው። አንዱም አልጎደለም።

ከዚያ ነገሩ ወደ ሄስቲንግስ ይሄዳል። ሄስቲንግስ በደቡብ እንግሊዝ በባሕር ዳር ያለች፣ ጡረተኞች የሚሰፍሩባት ከተማ ናት፤ ስለዚህም የተሰበረ ዳሌ አላጣችም። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ እዚያ የነበሩት የአጥንት ቀዶ ሐኪም ማይክል ዴቫስና የአረጋውያን ሐኪም ቦቢ ኢርቫይን አንድ ያልተለመደ ነገር አደረጉ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዓይነት በሽተኛ፣ ሁለቱም አብረው ያክሙ ጀመር። አንባቢ "ይኼ ምን ያስደንቃል?" ይል ይሆናል። ሆስፒታል የሚያውቅ ሰው ግን ያስደንቀዋል። ቀዶ ሐኪሙ አጥንት ያያል፤ ልቧ ደክሞ፣ ስኳሯ ጨምሮ፣ ውሃ አጥታ ያለችውን ሴት የሚያያት ሌላ ሐኪም በሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ በመካከላቸው የሚመላለሰው ወረቀት ሲጻፍ ሁለት ቀን፣ ሲመለስ ሦስት ቀን ነው። ሄስቲንግስ ላይ ወረቀቱ ቀረ። ዴቫስ ኦፕራሲዮን ማለት በሽተኛዋ ወዲያው ሙሉ ክብደቷን ጥላ እንድትቆምበት የሚያስችል ካልሆነ ዋጋ የለውም ባይ ነበር። ሚስማር የሚመታው አጥንት እንዲገጥም ብቻ ሳይሆን ሰው እንዲነሣ ነው። ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ መዞሪያው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ በአንድ ከተማ የታየው መልካም ነገር ወደ ሌላው ከተማ እስኪሻገር ስንት ዓመት ፈጀ? ሠላሳ፣ አርባ። ያሻገረውም ስብከት አይደለም፤ መዝገብ ነው። ስዊድኖች በ1988 ዳሌ የተሰበረን ሰው ሁሉ በአገር አቀፍ መዝገብ መጻፍ ጀመሩ። በ1993፣ አክስቴ በወደቀችበት ዓመት ማለት ነው፣ ስኮትላንዶች የራሳቸውን ጀመሩ፤ ከመሪዎቹ አንዱ የኤዲንብራው የአረጋውያን ሐኪም ኮሊን ከሪ ነበር። ይህ ሰው ኮሊን ዳግላስ በሚል የብዕር ስም ልብ ወለድ የሚጽፍ መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ሰውን በዝርዝር ማየት የለመደ ዓይን ለመዝገብም ይጠቅማል ብዬ።

መዝገብ ምን እንደሚያወጣ በ1995 ታየ። በምሥራቅ እንግሊዝ በስምንት ሆስፒታሎች የታከሙ 580 ሰዎች ተከታተሏቸው። በ90 ቀን ውስጥ በአጠቃላይ ከመቶ 18ቱ ሞተዋል። ይህ አልነበረም ያስደነገጠው፤ ሆስፒታሎቹ ለየብቻ ሲታዩ በአንደኛው የሞቱት ከመቶ 5፣ በሌላው ከመቶ 24 ሆነው መገኘታቸው ነው። ያው አገር፣ ያው ስብራት፣ ያው ሚስማር። በየሆስፒታሉ የሚለያየው ጥቃቅን የሚመስለው ነገር ነበር፦ ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ቁስል እንዳይመረቅዝ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ታማሚዋ ከአልጋ የምትነሣበት ቀን። በዚያው ዓመት የመንግሥት የኦዲት ኮሚሽን የእነዚህን አረጋውያን አያያዝ መርምሮ፣ ሥራው በብዙ ሰዎች እጅ ተበታትኖ አቀናጅ እንዳጣ ጻፈ።

እንግሊዞች እንደ ልማዳቸው ዐሥር ዓመት አሰቡበት። በ2007 የአጥንት ሐኪሞች ማኅበርና የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ መመሪያ አወጡ፤ በዚያው ዓመት አገር አቀፉ የዳሌ ስብራት መዝገብ ተከፈተ። በ2010 ደግሞ መንግሥት ገንዘብ ጨመረበት። አንድ ሆስፒታል አንዲትን ታማሚ በደረሰች በ36 ሰዓት ውስጥ ኦፕራሲዮን ካደረጋት፣ የአረጋውያን ሐኪም በ72 ሰዓት ውስጥ ካያት፣ ሁለቱ ሐኪሞች በጋራ ከያዟት፣ ዳግመኛ እንዳትወድቅና አጥንቷ እንዲጠነክር የሚያስፈልገው ከተደረገላት፣ ለእርሷ ብቻ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል፤ አንዱ ከጎደለ አያገኝም። ክፍያው በ445 ፓውንድ ተጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ 1,335 ፓውንድ ደረሰ። ለግዴታ ጉርሻ መስጠት አይዋጥልኝም፤ ሐኪም ለሰዓቱ የሚሮጠው ለጉርሻው ነው ወይስ ለአሮጊቷ የሚል ክርክር ከራሴ ጋር ይዤ ነበር። አሮጊቷ ግን የምትከራከር አይመስለኝም። በእንግሊዝ በ30 ቀን ውስጥ የሚሞቱት በ2007 ከመቶ 10.9 የነበሩት በ2011 ወደ 8.5 ወረዱ፤ ከዚያም በኋላ ቀንሰዋል። በዓመት ከ60 ሺህ በላይ ሰው ዳሌው በሚሰበርበት አገር ይህ ልዩነት በሺህ የሚቆጠር ሕይወት ነው።

መንገዱ ዛሬ በደንብ በሚሠራበት ቦታ ምን እንደሚመስል ላሳይ። ሴትዮዋ እንደደረሰች ብሽሽቷ አካባቢ ነርቩን የሚያደነዝዝ መርፌ ትወጋለች፤ ሞርፊን ብዙ ከተሰጣት ልቧን ያስታታልና። ራጅ ትነሣለች። በአራት ሰዓት ውስጥ ከድንገተኛ ክፍል ወጥታ ወደ አጥንት ክፍል ትገባለች። የሚያስፈልጋት ፈሳሽ ይሰጣታል፤ "ነገ ኦፕራሲዮን ነሽ" ተብላ ሁለት ቀን ጾሟን አታድርም። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ትቀደዳለች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባለው ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ መጥታ ታቆማታለች፤ ታማለች፣ ትፈራለች፣ ትቆማለች። የአረጋውያን ሐኪሙ መድኃኒቶቿን አንድ በአንድ ያያል፤ ምናልባት የጣላት ከመካከላቸው አንዱ ነው። አእምሮዋም ይመዘናል፤ ትናንት ልጆቿን የለየች ሴት ዛሬ ከግድግዳ ጋር ካወራች "ጃጅታ ነው" ተብሎ አይታለፍም። በ2001 ከቦስተን የወጣ ጥናት አለ፤ 126 ታማሚዎች ተይዘው የአረጋውያን ሐኪም በየቀኑ ያያቸው ከመቶ 32ቱ፣ እንደ ወትሮው የተያዙት ደግሞ ከመቶ 50ው እንዲህ ዓይነት መዘባረቅ ደረሰባቸው። የሚድን ነገር ነበር ማለት ነው። እህቶቿን ስትጣራ እኛ ውሃ እንኳ በአፏ አላደረግንላትም፤ ሸማ ነበር የደረብንላት።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የካርዲፉ ነው። ካርዲፍ በዌልስ ያለች ከተማ ናት። በ2006 በታተመው ጥናት ሦስት መቶ ያህል ዳሌያቸው የተሰበሩ ሴቶች በሁለት ተከፈሉ፤ ለግማሾቹ ከተለመደው እንክብካቤ ሌላ አንዲት ረዳት ተመደበች። ሥራዋ ምግብ ማብላት ነው፤ ምን እንደሚወዱ መጠየቅ፣ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ማጉረስ። በሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ እንዳሉ የሞቱት ረዳት ከነበራቸው ከመቶ 4.1፣ ካልነበራቸው ከመቶ 10.1 ነበሩ። ማንኪያ ነው እንግዲህ። ማጉረስን እኛ ለሌላ ሕዝብ የምናስተምር ይመስለን ነበር።

ሁሉ ነገር ፍጥነት ብቻ ነው እንዳይባልም በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት አለ። በ17 አገሮች በ69 ሆስፒታሎች 2,970 ታማሚዎች ተይዘው፣ ግማሾቹ ስብራቱ በታወቀ በ6 ሰዓት ገደማ፣ ግማሾቹ በ24 ሰዓት ገደማ ኦፕራሲዮን ተደረጉ። በሞት ረገድ የጎላ ልዩነት አልተገኘም፤ የፈጠኑት ግን የመዘባረቁ ነገር ቀለል ብሎላቸዋል፣ ቶሎም ቆመዋል። ቀን ከሰዓት ይለያል፤ ሳምንት ግን ከቀን እጅግ ይለያል። ደግሞም ሁሉ ተሟልቶ ከተሰበሩት ከአራቱ አንዱ ያህል በዓመቱ ውስጥ ይሞታል፤ ሰዎቹ ሲወድቁም ደካሞች ነበሩና። አክስቴም ቀዶ ጥገናው ተደርጎላት ልትሞት ትችል ነበር። ይህን እያወቅሁም ያቺ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ከጆሮዬ አትወጣም።

በእኛ አገር የአጥንት ቀዶ ሐኪም ከዚያ ዘመን ይልቅ በርክቷል፤ ሰውም ዕድሜው ረዝሟል፤ ስለዚህ የሚሰበረውም ዳሌ ይበረክታል። ብረቱ አሁንም ይወደዳል፤ ወረፋውም አለ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ የማይጠይቀው ግን ኩፐር በ1822 ያዘዘው ነው።

ባለፈው ክረምት ሰፈሩ ሁሉ "ጋሼ" የሚላቸው የ81 ዓመት ጎረቤታችን ከታክሲ ሲወርዱ ወደቁ። እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ዞሮ ሳየው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ሆስፒታል ይዘናቸው ሄድን። ልጆቻቸው "ዕድሜያቸው..." ብለው ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው፤ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ብረቱ ተገዛ፤ ደም ከልጆቹ ተወሰደ። ተራው የደረሰው በስድስተኛው ቀን ነው፤ 36 ሰዓት አይደለም። እስከዚያ ድረስ በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን እያገላበጥን፣ ቀና እያደረግን፣ አጥሚትና እንቁላል በማንኪያ እየሰጠን ተረዳዳን። ከቀዶ ጥገናው በማግስቱ ጠዋት ወጣቱን ሐኪም "ዛሬ ይቆማሉ?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና "ማን ነገረዎት?" አለኝ። ከዚያ ነርሷን ጠርቶ በግራ እርሱ፣ በቀኝ እርሷ ያዟቸው። ጋሼ "ወይኔ ልጆቼ፣ ተዉኝ" አሉ። አልተዋቸውም። ቆሙ። እኔ በልቤ እስከ ሃያ ስቆጥር ቆዩና ተመልሰው ተቀመጡ፤ ላብ አጥምቋቸው ነበር። ትንሽ ተንፍሰው ቡና አለ ወይ ብለው ጠየቁ።